አውግስጢኖስ ስለ ሬሳና ስለ መቃብር ያስተማረው

ሬሳው ሳይገኝ ለቅሶ የተቀመጥንለት ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ባዕድ አገር የቀረ አለ፣ ባሕር የበላው አለ። እንግዲህ አፈር ያልቀመሰ ሥጋ ነገ ማን ሆኖ ይነሣል? ይህን ጥያቄ ከ1,600 ዓመት በፊት ሲያብላላ የኖረ አንድ አፍሪካዊ ጳጳስ ነበር።

አውግስጢኖስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ354 ዛሬ አልጄሪያ በምንላት አገር፣ ታጋስተ ከተማ ነው። በወጣትነቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል ሥጋን የሚያንቋሽሸውን የማኒን ትምህርት ተከተለ። ኋላ ተመልሶ በ387 ሚላኖ ላይ ተጠመቀ።

በዚያው ዓመት ከእናቱ ከሞኒካ ጋር ወደ አገሩ ሲጓዝ፣ ሮማ አጠገብ ባለችው በኦስትያ ወደብ እናቱ ታማ ሞተች። ሞኒካ ከባሏ ጎን የምታርፍበትን መቃብር አስቀድማ አሰናድታ ነበር። የእናት ነገር ሆኖ፣ በመጨረሻው ሰዓት ልጆቿን ከዚያ ጭንቀት ገላገለቻቸው፤ የትም እንዲቀብሯት፣ ብቻ በጸሎት እንዲያስቧት ለመነች። ለእግዚአብሔር የሚርቀው ቦታ የለምና። አውግስጢኖስ በቀብሯ ላይ እንባውን ዋጠ፤ ያለቀሰው ኋላ ብቻውን ሲሆን ነው።

ከ395 ገደማ ጀምሮ የሂፖ ጳጳስ ሆነ። በ410 ጎቶች ሮማን ሲዘርፉ ብዙ ክርስቲያን ቀባሪ አጣ። እሱም በ413 በጀመረው ትልቅ መጽሐፉ፣ መቃብር ማጣት ሟቹን እንደማይጎዳ፣ ፈጣሪም የተበተነውን ሥጋ መሰብሰብ እንደማይሳነው አስረዳ። ነገሩን በሐውልት መስሎታል፤ ነሐሱ ቀልጦ ዳግመኛ ሲሠራ፣ የእጁ ነሐስ ለእግር ቢውልም ሐውልቱ ያው ነው። በጨቅላነቱ የሞተ ቢያድግ ኖሮ በሚደርስበት ቁመት፣ ሴቷም ሴት ሆና፣ ሰማዕታትም ጠባሳቸው እንደ ክብር ምልክት እየታየ ይነሣሉ ባይ ነበር።

ታዲያ ሬሳ ይጣል ማለቱ አይደለም። የአባት ቀለበትና ልብስ ለልጅ ውድ ከሆነ፣ ከልብስ ይልቅ የቀረበው ገላማ እንዴት ይናቃል? በ421 ገደማም የኖላው ጳጳስ ጳውሊኖስ፣ በሰማዕት አጠገብ መቀበር ይጠቅም እንደሆነ ጠየቀው። መልሱ ጠንከር ያለ ነው፤ የቀብር ሥርዓት ይልቁንም የቀሪው መጽናኛ ነው፣ ሟቹን የሚረዳው ጸሎት፣ ቁርባንና ምጽዋት ነው። ሆኖም እናት የልጇን መቃብር ስታስብ ጸሎቷ ይበረታልና፣ ቦታውም በዚህ በኩል ይጠቅማል። ይህቺን ለኛ ለቀባሪዎች ብለን ይዘናታል።

በ430 ቫንዳሎች ሂፖን ከብበው ሳሉ ሞተ። አጽሙም እዚያው አልቀረም፤ ወደ ሰርዲንያ፣ በስምንተኛው መቶ ዓመትም ወደ ጣሊያኗ ፓቪያ ተወሰደ። በእናቱ መቃብር ላይ የነበረው ጽሑፍ ስባሪ ደግሞ በ1945 ኦስትያ ውስጥ መሬት ሲቆፈር ተገኘ።