አቡነ ያዕቆብ፦ እየተማሩ የመሩ እረኛ



መሪ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በከፍተኛ ወንበር የተቀመጠውን ሰው ነው። ይሁን እንጂ በኮልፌ ቀራኒዮ በየሰፈራችን ዙሪያችንን ብንመለከት፥ የዕድሩ ዳኛ፥ የቁምስናው ምክር ቤት ሰብሳቢ፥ የመዘምራኑ ኃላፊ፥ ሕፃናትን ሰብስቦ ጸሎት የሚያስተምረው ወጣት፥ በአጣና ተራ ጥቂት ሠራተኞችን ይዞ የሚነግደው ነጋዴ፥ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው እናት፥ ሁሉም በየድርሻቸው መሪዎች ናቸው። ፈተናቸውም ይመሳሰላል። የሚመሩት ሰው አልታዘዝም ሲል፥ የደከሙበት ሥራ ምስጋና ሲያጣ፥ ያሳደጉት ሰው ሲነሣባቸው፥ ያን ጊዜ እምነታቸው ምን ይረዳቸዋል? እሑድ በቅዳሴ የሰማነው ቃለ እግዚአብሔር ሰኞ በሚገጥመን ጭቅጭቅ ውስጥ ምን ፍሬ ያፈራል?

ለዚህ ጥያቄ በቃል ከመመለስ ይልቅ የአንድ እረኛ ሕይወት ብናቀርብ ይሻላል ብለን አሰብን። እኚህ እረኛ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያኮቢስ ናቸው፤ አባቶቻችን ግን በፍቅር አቡነ ያዕቆብ ብለው ጠርተዋቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

አቡነ ያዕቆብ በ1800 በደቡብ ኢጣልያ፥ ሳን ፌሌ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ብዙ ልጆች ካሉት ቤተሰብ ተወለዱ። ቤተሰቡ ወደ ናፖሊ ከተዛወረ በኋላ፥ በ1818 ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ወደ መሠረተው የላዛሪስት ማኅበር ገቡ። የዚህ ማኅበር ዓላማ ለድኻው የገጠር ሕዝብ ወንጌልን መስበክና ካህናትን ማሠልጠን ነው። በ1824 በብሪንዲዚ ከተማ ማዕረገ ክህነትን ተቀበሉ። ከዚያም ለዐሥራ አምስት ዓመታት ያህል በደቡብ ኢጣልያ አገለገሉ። በ1836 እና በ1837 በናፖሊ የኮሌራ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ሕሙማንን ከሚረዱት መካከል ነበሩ። ሰው ከሰው በሚሸሽበት ጊዜ ወደ ሕመምተኛው አልጋ መቅረብ ምን ማለት እንደ ሆነ፥ በሰፈራችን በዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለብዙ ዓመታት ከሕዝቡ ተለይተው እንደ ኖሩ የምናውቅ እኛ በሚገባ እንረዳዋለን።

በ1839 ወደ ኢትዮጵያ ተላኩ። የተላኩባት አገር ግን ያልሻረ ቍስል ነበረባት። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፥ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ የካቶሊክ እምነት በአዋጅ እንዲገባ ተደርጎ ነበር። በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴስ ሕዝቡ ከአባቶቹ የተቀበለውን ሥርዓት ለውጠው የላቲኑን ለመትከል በመቸኰላቸው አገሪቱ ተከፋፈለች፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን እምነት መለሱ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ከዚያ ወዲህ ከሮም የሚመጣ ካህን በጥርጣሬና በጥላቻ የሚታይ ሆነ። ዘመኑም ዘመነ መሳፍንት ነበረ፤ አንዱ መስፍን የፈቀደውን ሌላው ይከለክል ነበር።

እንግዲህ አቡነ ያዕቆብ ዐድዋ ሲገቡ ምን አደረጉ? ለመስበክ አልተጣደፉም። እንደ አገሩ መነኵሴ ለበሱ፤ የአገሩን ምግብ በሉ፤ ጾሙንም እንደ ሕዝቡ ጾሙ። አማርኛውን፥ ትግርኛውንና ግእዙን እንደ ተማሪ ቁጭ ብለው ተማሩ። በ1840 መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሰዎችን በቤታቸው ሰብስበው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገሩ፥ ሕዝቡን ወድደው እንደ መጡ፥ አገልጋዩም ለመሆን እንደሚፈልጉ ገለጡ። ቅዳሴው በግእዝ ሥርዓት እንዲቀጥል ፈለጉ። ሜንዴስ በሁለት መቶ ዓመት ቀድመው ያፈረሱትን፥ እርሳቸው ሕዝቡ የሚወደውን ሁሉ በማክበር ሊጠግኑት ተነሡ።

ከባዱ ፈተና ወዲያው መጣ። በትግራይና በሰሜን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ፥ መንበረ ጵጵስናው ለብዙ ዓመታት ባዶ ሆኖ ስለ ቈየ፥ ከግብፅ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞች ሊልኩ ወሰኑ። አቡነ ያዕቆብም አብረው ሄደው መንገዱን እንዲመሩላቸው ጠየቋቸው። ነገሩን እናስተውል። የሚመጣው ጳጳስ የእርሳቸው ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ አይደለም፤ ከመልእክተኞቹም ብዙዎቹ እርሳቸውን በጥርጣሬ የሚያዩ ነበሩ። ሆኖም መልእክተኞቹ ወደ ሮምም እንዲሄዱ ከተስማሙ በኋላ ግዴታውን ተቀበሉ። በ1841 ካይሮ ደረሱ፤ አዲሱ ጳጳስ አቡነ ሰላማም ተሹመው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከመልእክተኞቹ ከፊሎቹ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወደ ሮም ተሻግረው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፤ ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ተመለሱ። አቡነ ሰላማ ግን ከጊዜ በኋላ የአቡነ ያዕቆብ ብርቱ ተቃዋሚ ሆኑ። ይህንን የምናነሣው የቀድሞውን ጠባሳ ለመቀስቀስ አይደለም፤ በበጎ ፈቃድ የተሠራ አገልግሎት ሁልጊዜ በምስጋና እንደማይመለስ ለማሳየት ነው። አቡነ ያዕቆብ ይህንን ባወቁ ጊዜ ሥራቸውን አልተዉም፤ በቂምም አልተያዙም።

ከዚያ ጉዞ የተገኘ ሌላ ፍሬ ግን ነበረ። ከመልእክተኞቹ አንዱ አባ ገብረ ሚካኤል ይባሉ ነበር። በ1791 በጎጃም፥ በመርጡለ ማርያም አጠገብ፥ ዲቦ በምትባል ቦታ የተወለዱ፥ ገና በልጅነታቸው የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን ያጡ፥ በጎንደርም በሊቅነታቸው የታወቁ መነኵሴ ነበሩ። በአገራችን ሊቃውንት መካከል ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የነበረው ክርክር ልባቸውን ስላስጨነቀው እውነትን በመፈለግ ከገዳም ወደ ገዳም የዞሩ ሰው ናቸው። በጉዞው ላይ የአቡነ ያዕቆብን ትዕግሥትና ትሕትና በቅርብ አዩ። ከብዙ ምርምርና ጸሎት በኋላም በ1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ዕድሜያቸው ከአቡነ ያዕቆብ ይበልጥ ነበር፤ በግእዙና በመጻሕፍቱ ዕውቀትም ከእርሳቸው የላቁ ነበሩ። አቡነ ያዕቆብም ይህንን አልደበቁትም፤ እንደ ሥራ ባልደረባና እንደ መምህር ተቀበሏቸው። ሁለቱ በአንድነት ትምህርተ ክርስቶስ አዘጋጁ፤ በዓዲግራት አቅራቢያ በጓላ በተከፈተው ዘርዐ ክህነት ወጣቶችን አስተማሩ። አቡነ ያዕቆብ ዋና ተስፋቸውን የጣሉት ከአገሩ ልጆች በሚወጡት ካህናት ላይ ነበረ።

በ1847 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ ጳጳስ አድርገው መረጧቸው። አቡነ ያዕቆብ ግን ለዚህ ማዕረግ አልበቃሁም በማለት ለብዙ ጊዜ እምቢ አሉ። በመጨረሻ የካፑቺን ማኅበር አባል የነበሩት፥ ኋላም በሸዋ ያገለገሉት አቡነ ጉልየልሞ ማስያ አግባብተዋቸው፥ በጥር ወር 1849 በምጽዋ፥ ሌሊት በስውር ቀቧቸው። ሕዝብ አልተሰበሰበም፤ ድግስም አልተደገሰም፤ ስደት በየአቅጣጫው ስለ ነበረ በዓሉ በጨለማ ተከናወነ። ሹመት በጭብጨባና በፎቶግራፍ ብቻ የሚታወቅ ለሚመስለን፥ ይህ ሌሊት ብዙ ያስተምረናል። በ1851 እኚሁ ጳጳስ አባ ገብረ ሚካኤልን ካህን አድርገው ሾሙ። ያን ጊዜ አዲሱ ካህን ስድሳ ዓመት ሊሆናቸው ተቃርበው ነበር።

በ1854 ደጃዝማች ካሣ፥ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፥ አገሩን አንድ ለማድረግ ሲነሡ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ፤ የስምምነቱም አንዱ ክፍል ካቶሊካውያን እንዲወገዱ ነበረ። አቡነ ያዕቆብ፥ አባ ገብረ ሚካኤልና ሌሎች ባልደረቦቻቸው በጎንደር ታሰሩ። ጳጳሱ ከልጆቻቸው ተለይተው ለብቻቸው ተያዙ። እጅና እግሩ የታሰረ እረኛ ምን ሊያደርግ ይችላል? አቡነ ያዕቆብ መጸለይና፥ መንገድ ባገኙ ቍጥር፥ ለታሰሩት ልጆቻቸው የማጽናኛ ደብዳቤ መላክ እንደሚቻል አሳዩ። ከወራት እስራት በኋላ እርሳቸው በወታደር ታጅበው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ብዙ ተንከራተው ወደ ምጽዋ በኩል ተመለሱ፤ እንደ ገናም ወደ ተበተኑት ምእመናን ሄዱ። አባ ገብረ ሚካኤል ግን በእስር ቈዩ፤ ተገረፉ፤ በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊቱ ጋር ከስፍራ ወደ ስፍራ ተነዱ፤ በ1855 በወሎ ምድር ሳሉም ዐረፉ። ለእረኛ ከዚህ የሚከብድ ኀዘን የለም፤ ልጁ ሲሞት እርሱ በሕይወት ይቀራል። አቡነ ያዕቆብ ይህንን መስቀል ተሸክመው ሌላ አምስት ዓመት ሠሩ።

በ1860 እንደ ገና እስራት አገኛቸው። ከተፈቱ በኋላ ሰውነታቸው ተዳክሞ ነበር። ከምጽዋ ቆላ ወደ ሐላይ ደጋ ሲወጡ፥ በመንገድ ላይ፥ በዓሊጌዴ ሸለቆ፥ ትኩሳቱ ስለ በረታባቸው ጁላይ 31 ቀን 1860 በተከታዮቻቸው መካከል ምድር ላይ ተኝተው ነፍሳቸውን ለፈጣሪ ሰጡ። አስከሬናቸውም ዛሬ በኤርትራ በምትገኘው በሄቦ ተቀበረ። በሰው ሚዛን ቢመዘን የቀረላቸው ነገር ጥቂት ይመስል ነበር፤ ዋናው ባልደረባቸው ሞተዋል፤ ምእመናኑ ጥቂቶችና ስደተኞች ናቸው። የእግዚአብሔር ሚዛን ግን ሌላ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል በ1926 ብፁዕ ተብለው ተሰየሙ፤ አቡነ ያዕቆብም በ1939 ብፁዕ፥ በ1975 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቅዱስ ተባሉ። እርሳቸው ያከበሩት የግእዝ ሥርዓት፥ ተስፋ የጣሉባቸውም የአገር ተወላጅ ካህናት፥ ዛሬ የቤተ ክርስቲያናችን አካል ናቸው።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ለየዕለት ኑሯችን ምን እንውሰድ? መጀመሪያ፥ የሚመራ ሰው አስቀድሞ ይማር። ኮልፌ ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ የመጣ ሕዝብ በአንድ አጥር የሚጎራበትባት ስፍራ ናት። ልጆችን የሚያስተምር የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በየቤቱ የሚነገረውን ቋንቋ፥ የወላጆቹን ድካምና የቤቱን ችግር ካላወቀ፥ ትምህርቱ በጆሮ ይገባል እንጂ ወደ ልብ አይወርድም።

ሁለተኛ፥ አገልግሎታችንን ዋጋ እንደሚከፈልበት ብድር አንቍጠረው። በምክር ቤቱ ውስጥ ያሳደግነው ወጣት በምርጫ ሲያሸንፈን፥ የረዳነው ጎረቤት በዕድሩ ስብሰባ ሲናገረን፥ ልባችን የሚያዝነው ብድሩ ስላልተመለሰ ነው። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበባት ሌሊት ከመካከላቸው አንዱ እንደሚሸጠው ያውቅ ነበር፤ ሆኖም የዚያንም እግር አጠበ። አቡነ ያዕቆብ በካይሮ መንገድ የተከተሉት ይህንኑ ነበረ።

ሦስተኛ፥ ከእኛ የሚበልጠውን አንፍራ። ከእኛ ይልቅ ንባብ የሚያውቅ፥ ከእኛ የተሻለ የሚዘምር፥ ከእኛ የሚደመጥ ሰው በቁምስናችን ሲነሣ ቦታውን ብናስለቅቅለት ሥራው ያድጋል። አጥብቀን ብንይዘው ግን ከእኛ ጋር ያረጃል።

የመጨረሻው ነገር ለተጨነቁት ነው። ሥራ ያጣ አባወራ፥ ሕመም የጸናበት፥ በቤቱ ሰላም ያጣ፥ ሁሉም ነገር የተዘጋበት ሲመስለው፥ የጎንደሩን እስረኛ ያስብ። ያ እስረኛ በዚያች ቀን ሊሠራ የሚችለውን አንድ ትንሽ ነገር ይሠራ ነበር፤ ይጸልይ ነበር፤ ከእርሱ ጋር ለሚሠቃየውም አንድ የማጽናኛ ቃል ይልክ ነበር። ይህንን ለማድረግ ሹመት አያስፈልግም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በዚህ ሳምንት በሰፈራችን አንድ የተጨነቀ ሰው ፈልገን ብንጎበኝ፥ የቅዱሱን በዓል በሚገባ አከበርን ማለት ነው።

የአቡነ ያዕቆብ የአባ ገብረ ሚካኤልም ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።