ጋሬት ሞርጋን፦ ክሬሙ ላይ ስሙን የጻፈ፣ ጭንብሉን ሲሸጥ ግን ማንነቱን የደበቀ ሰው

ጋሬት ሞርጋን የሚባል ስም ቲክቶክ ወይም ፌስቡክ ላይ አጋጥሟችሁ ከሆነ፣ የትራፊክ መብራትን የፈጠረ ጥቁር አሜሪካዊ ተብሎ ይሆናል። ወደ መብራቱ እንመጣለን፤ ነገሩ ልክ እንደሚወራው አይደለም። ዛሬ በደንብ ልናወራችሁ የፈለግነው ግን ከዚያ 10 ዓመት ቀድሞ መሸጥ ስለጀመረው ነገር ነው፤ ከርዳዳ ፀጉርን ሉጫ የሚያደርግ ክሬም። ዛሬ በየፀጉር ቤቱ ሪላክሰር ለምንለው ነገር ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።

ሞርጋን በ1877 አሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ውስጥ፣ ፓሪስ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ከባርነት ነፃ የወጣ ሰው ነበር። ልጁ ትምህርቱን ከ6ኛ ክፍል አላሳለፈም። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ሥራ ፍለጋ ወደ ሲንሲናቲ ሄደ። እዚያ ተላላኪም ጠጋኝም ሆኖ እየሠራ፣ ከሚያገኛት ላይ ቀንሶ አስጠኚ ቀጠረ። በ1895 ወደ ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ተሻገረና የልብስ ስፌት መኪና መጠገን ለመደ። እጁ የተባረከ ነበር፤ በ1907 የራሱን መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። በዓመቱ ከቦሄሚያ፣ ማለትም ከዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ የመጣች ሜሪ የምትባል ልብስ ሰፊ አገባ። እሷ ነጭ ናት፣ እሱ ጥቁር፤ ጊዜው ደግሞ 1908 ነው። ምን ያህል ከባድ እንደነበር መገመት አያቅታችሁም። ሦስት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ብዙም ሳይቆዩ 32 ሠራተኞች ያሉት የልብስ ስፌት ድርጅት ከፈቱ።

ክሬሙ የተገኘው እዚያ ነው። የስፌት መርፌ በፍጥነት ሲሠራ ይግላል፤ ሱፍ ጨርቅ ላይ ሲሆን ደግሞ ጨርቁን ያሳርራል። ሞርጋን መርፌውን የሚያለሰልስ ፈሳሽ ሲቀምም ቆይቶ እጁን በአንድ ሻካራ ጨርቅ ጠረገ ይባላል። ተመልሶ ሲያየው የጨርቁ ፀጉር ተዘርግቶ ቀጥ ብሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ጨርቁን ይጥለው ነበር። እሱ ግን የጎረቤት ውሻ ፈለገ። ኤርዴል የሚባለው፣ ፀጉሩ እንደ ሽቦ የሚጠቀለለው ዝርያ ነው። ውሻው ላይ ሠራ። ቀጥሎ የራሱን ፀጉር ቀባ፣ መጀመሪያ በጥቂቱ፣ ከዚያ ሙሉውን። በ1913 በስሙ የፀጉር ኩባንያ አቋቋመ፤ ከክሬሙ ጋር የፀጉር ቀለምና ጥርሱ የታጠፈ የብረት ማበጠሪያም ሸጠ።

እስቲ እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ዛሬ ፀጉራችሁን የምትቀቡ ሰዎች ጉዳይ ነው።

ስሙ ማለስለሻ ይባል እንጂ የሪላክሰር ሥራ መስበር ነው። ፀጉር የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው፤ የበግ ሱፍም፣ የውሻ ፀጉርም እንደዚያው። የፕሮቲኑን ክሮች ጎን ለጎን አያይዞ ቅርጻቸውን የሚያስጠብቅ የሰልፈር ድልድይ አለ። ሪላክሰር ውስጥ ያለው ኃይለኛ አልካላይ ፀጉሩን አሳብጦ ይገባና ድልድዩን ይሰብረዋል። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ኮስቲክ ሶዳ የሚሉት። የተሰበረው ድልድይ አይመለስም። ለዚህ ነው ከወራት በኋላ ከርዳዳ ሆኖ የሚመጣው አዲሱ የበቀለው ብቻ የሆነው።

ሞርጋን ክሬሙን ሲሸጥ ሌሎች ደግሞ ቤታቸው ይቀምሙ ነበር። በ1940ዎቹ ቦስተን ውስጥ ጎረምሳ የነበረው ማልኮም ኤክስ ፀጉሩን ያስለሰለሰው በኮስቲክ፣ በእንቁላልና በድንች ድብልቅ ነበር፤ ጭንቅላቱን እንደ እሳት እንዳቃጠለው በሕይወት ታሪኩ ተርኮታል። ቆዳው እንዳይላጥ በፊት ቫዝሊን በደንብ ተቀብቶ ነበር። ዛሬም ፀጉር ቤት ስትሄዱ ጆሮና ግንባር ላይ ቫዝሊን የሚቀቧችሁ ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ማጠቡ። ብዙ ፀጉር የሚበላሸው ሲቀባ ሳይሆን ሲታጠብ ይመስለናል። ክሬሙ ሰዓት አያውቅም፤ ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ ድረስ መስበሩን ይቀጥላል። ውሃ ብቻውን ላይ ያለውን ያነሳል እንጂ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ የቀረውን አይጨርሰውም። ኒውትራላይዚንግ ሻምፖ የሚባለው የተሠራው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ሻምፖ አልካላዩ ካልወጣ አረፋው ሮዝ ይሆናል፤ ነጭ እስኪሆን ደጋግሞ ማጠብ ነው። ወረፋ ስለበዛ አንዴ ለቅለቅ አድርገው ካስክ ስር ሊያስገቧችሁ ሲሉ ዝም አትበሉ። ሲያቃጥላችሁም ትንሽ ቻሉት ነው የቀረው ቢሏችሁ አትስሙ። ቃጠሎ ደረሰ ማለት አይደለም፤ ቆዳው ተነካ ማለት ነው።

ከመቀባታችሁ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ጭንቅላታችሁን አትታጠቡ፣ አትከኩ፤ የራሱ ቅባት ጋሻ ነው። በድጋሚ ስትቀቡ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይታችሁ፣ አዲሱ ሥር ላይ ብቻ። የተሰበረውን እንደገና ከሰበራችሁት በማበጠሪያው ላይ ታገኙታላችሁ። ካርቶኑ ላይ ኖ ላይ የሚል የተጻፈበት ሪላክሰርም አልካላይ ነው፤ ኮስቲኩ ቀረ እንጂ በካልሲየም የሚሠራ ነው፣ ካልሲየሙም ፀጉር ላይ እየተጠራቀመ ያደርቀዋል። በተረፈ በእርጥብነቱ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሮ መፍታት፣ በየታጠባችሁበት ኮንዲሽነር፣ ፔስትራ በየቀኑ አለማስነካት። ማታ ደግሞ ከጥጥ ሻሽ ሳቲን ይሻላል፤ ጥጥ እርጥበቱን ይመጠዋል።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ክሬሙን የሚገዙት ጥቁሮች ነበሩ፤ ስሙ በግልጽ ተጽፎበት ይሸጥ ነበር፣ ገንዘብም አመጣለት። በዚያ ገንዘብ ሌላ ነገር ሠራ። ጭስ ውስጥ ለሚገቡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚሆን ጭንብል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሚሻለው አየር ከወለሉ አጠገብ ይቀራል። ስለዚህ ከጭንብሉ እስከ መሬት የሚወርድ ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ጭሱን የሚያጣራና የሚያቀዘቅዝ እርጥብ ስፖንጅ። በ1914 ፓተንቱን አገኘ።

ግን ጭንብሉን የሚገዙት ነጮች የሚመሯቸው ከተሞች ናቸው። ከጥቁር ሰው እጅ ማን ይገዛል? ሞርጋን ይህን ያውቅ ነበር፤ ያደረገውም የሚገርም ነው። ሻጭ አድርጎ ነጭ ሰው ያቆማል። እሱ ራሱ ቢግ ቺፍ ሜሰን የሚባል፣ ከካናዳ የመጣ የነባር ሕዝቦች ተወላጅ መስሎ ለብሶ ይመጣል። ድንኳን ውስጥ ሬንጅ፣ ድኝ፣ ፎርማልዴሃይድና ፍግ ይቃጠላል። ጭንብሉን አጥልቆ ይገባል፣ ደቂቃዎች ቆይቶ ምንም ሳይሆን ይወጣል። ሰው ያጨበጭባል፤ ያጨበጨቡለት ሰው ግን የለም።

ፎርማልዴሃይድ ያልነው ሳይታለፍ፦ ዛሬ ኬራቲን ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ማለስለሻዎች በፔስትራ ሲግሉ የሚለቁት ይህንኑ ጋዝ ነው። ካንሰር እንደሚያስከትል የታወቀ ነው። ሞርጋን ጭንብል አድርጎ ነበር የገባበት፤ የፀጉር ቤቷ ልጅ ግን መስኮት በተዘጋበት ክፍል ቀኑን ሙሉ ትተነፍሰዋለች። በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ከ33,000 በላይ ሴቶችን ለ11 ዓመት ገደማ የተከታተለ ጥናት አውጥቷል። በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ የፀጉር ማለስለሻ የተጠቀሙ ሴቶች በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በቁጥር ሲታይ እስከ 70 ዓመታቸው ድረስ ካልተጠቀሙት 1.64 በመቶ፣ ብዙ ከተጠቀሙት 4.05 በመቶ። ጥናቱ መንስኤው ማለስለሻው ነው ብሎ አልደመደመም፣ ግን ሳታውቁት እንዳትቀሩ ብለን ነው።

ሐምሌ 1916። ክሊቭላንድ ለውሃ የሚሆን ዋሻ ከኤሪ ሐይቅ ስር እያስቆፈረች ነበር። ሌሊት ዋሻው ውስጥ ጋዝ ፈነዳ። ለማዳን የገቡትም በጭሱ እየወደቁ ቀሩ። በመጨረሻ አንድ ሰው የሞርጋንን ጭንብል አስታወሰ፤ ሌሊቱን ከእንቅልፉ ጠሩት። ከወንድሙ ከፍራንክ ጋር ጭንብሎቹን ይዞ መጣ፤ ማንም መግባት ሲፈራ ገባ። ሁለት ሰዎች በሕይወት ወጡ፣ ከዚያ ሬሳ ማውጣት ቀጠሉ።

ከዚያስ? የካርኔጊ የጀግንነት ሜዳሊያ ለሌሎች ተሰጠ፣ ለእሱ አልተሰጠም። ለከተማዋ ከንቲባ ደብዳቤ ጽፎ በቁጭት አቤት አለ። የወርቅ ሜዳሊያ የሸለሙት የከተማዋ ሰዎች ተሰባስበው ነው። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ደግሞ ያ ሁሉ ድራማ አበቃ። ቢግ ቺፍ ሜሰን የሚባል ሰው የለም፣ ጭንብሉን የሠራው ጥቁር ነው ተባለ። የደቡብ ከተሞች ያዘዙትን ሰረዙ። እስቲ አስቡት፤ ዕቃው ያው ዕቃ ነው፣ ሰው አድኖ የወጣ ዕቃ።

የትራፊኩ ነገር አጭር ነው። ፓተንቱን ያገኘው በኅዳር 1923 ነው፤ መብራት ግን አልነበረውም። በእጅ እየተዘወረ ክንፎቹ የሚነሱና የሚወርዱ ምሰሶ ነው። አዲስ ነገሩ ከሂድና ቁም ሌላ፣ እግረኛ እንዲሻገር መንገዱን ሁሉ በአንዴ የሚያስቆም ሦስተኛ ምልክት መጨመሩ ነው። ቀይና አረንጓዴ መብራትማ ያቺው ክሊቭላንድ ውስጥ ከ1914 ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ፖስቱን ስታዩ ማስተካከል ትችላላችሁ፤ ሰውየው የሌላ ሰው ሥራ አያስፈልገውም።

በ1920 ክሊቭላንድ ኮል የሚባል የጥቁሮች ጋዜጣ አቋቋመ። ጥቁሮች መዝናኛ ቦታ ሲከለከሉ ገጠር መሬት ገዝቶ ክለብ ሠራላቸው። በ1931 ለከተማዋ ምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ1943 ግላኮማ ያዘውና አብዛኛውን የዓይኑን ብርሃን አጣ፤ እንዲያም ሆኖ መሞከሩን አላቆመም። ሐምሌ 27 ቀን 1963 በ86 ዓመቱ አረፈ።

በ1991 ክሊቭላንድ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያዋን በስሙ ሰየመች። ውሃው የሚመጣው ከዚያው ከኤሪ ሐይቅ ነው።