የድምፅ መቅረጫን የፈለሰፈው ኤዲሰንና ለዓይነ ስውራን ያሰበው መጽሐፍ

በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ዲላ የሚገኘውና በ1988 ዓ.ም. በኮሌጅነት ሥራውን የጀመረው ዲላ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት ሁሉ ዓይነ ስውራን ተማሪዎችን ተቀብሎ ያስተምራል፡፡

በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ዓይነ ስውራን ተማሪዎች የመምህሩን ገለጻ በድምፅ መቅረጫ ቀድተው፣ በብሬይል ያልተዘጋጀውን መጽሐፍ ደግሞ ማየት የሚችል ባልንጀራቸው እያነበበ እንዲቀዳላቸው አድርገው ሲያጠኑ ኖረዋል፡፡ አሠራሩ በካሴት ዘመን በካሴት፣ ከዚያም ወዲህ በዲጂታል መቅረጫና በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚከናወን ሆኖ ቀጥሏል፡፡

የሰውን ድምፅ ቀርጾ መልሶ የሚያሰማ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ሰው፣ ከፈጠራው ይገኛሉ ብሎ ከዘረዘራቸው ጥቅሞች መካከል ለዓይነ ስውራን የሚነበብ መጽሐፍን በሁለተኛ ደረጃ አስቀምጦት ነበር፡፡ ይህ ሰው ራሱ ጆሮው በቅጡ የማይሰማው አሜሪካዊ ቶማስ አልቫ ኤዲሰን ነው፡፡ ሐሳቡ በሥራ ላይ የዋለው ግን እሱ ከሞተ ከሦስት ዓመታት በኋላ፣ በሌሎች ሰዎች ጥረት ነው፡፡

ኤዲሰን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1847 በኦሃዮ ግዛት ሚላን በምትባል አነስተኛ ከተማ ለቤተሰቡ ሰባተኛና የመጨረሻ ልጅ ሆኖ ተወለደ፡፡ በሰባት ዓመቱ ቤተሰቡ በሚሺጋን ግዛት ወደምትገኘው ፖርት ሂዩረን ተዛወረ፡፡ በመደበኛ ትምህርት ቤት የቆየው ለአጭር ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ቀደም ሲል መምህርት የነበሩት እናቱ ናንሲ ኤዲሰን በቤት ውስጥ አስተማሩት፡፡ የማንበብ ፍቅሩ የተተከለበትም በዚሁ ጊዜ ነው፡፡

በ12 ዓመቱ ከፖርት ሂዩረን ዲትሮይት በሚመላለሰው ባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ መሸጥ ጀመረ፡፡ የመስማት ችሎታው መዳከም የጀመረውም በልጅነቱ ነው፡፡ ምክንያቱን በተመለከተ እሱ ራሱ በተለያየ ጊዜ የተለያየ ነገር ይናገር ነበር፡፡

እ.ኤ.አ. በ1862 የአንድ ባቡር ጣቢያ ኃላፊን ሕፃን ልጅ ከሚንቀሳቀስ ፉርጎ ሥር በማትረፉ፣ አባትየው ውለታውን ለመመለስ የቴሌግራፍ ሥራ አስተማሩት፡፡ የጆሮው መክበድ ለዚህ ሥራ እንቅፋት አልሆነበትም፤ እንዲያውም በዙሪያው ያለው ጫጫታ ስለማይረብሸው የመሣሪያውን ምት ለይቶ ለማዳመጥ እንደጠቀመው ይገልጽ ነበር፡፡

የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1869 የምክር ቤት አባላትን የድምፅ አሰጣጥ ለሚያፋጥን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ምክር ቤቶቹ ፍጥነቱን ስላልፈለጉት መሣሪያው ገዢ አጣ፡፡ ኤዲሰን ከዚያ በኋላ ገበያ የሌለውን ነገር ላለመሥራት የወሰነ ሲሆን፣ ይህ ውሳኔው ለድምፅ መቅረጫው ዕጣ ፈንታም ወሳኝ እንደነበር ከኋላ ታሪኩ መረዳት ይቻላል፡፡

ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1876 በኒው ጀርሲ ግዛት ሜንሎ ፓርክ በተባለ ስፍራ የምርምር ማዕከሉን አቋቋመ፡፡ በቀጣዩ ዓመት የቴሌግራፍና የስልክ መልእክትን ቀርጾ ለማስቀረት ሲሞክር የሰው ድምፅም በዚሁ መንገድ ሊቀረጽ እንደሚችል ተገነዘበ፡፡ ንድፉንም ጆን ክሩሲ ለተባለው የእጅ ባለሙያው ሰጠው፡፡

መሣሪያው በእጅ የሚዞር፣ ዙሪያውን ጠመዝማዛ ቦይ የወጣለት የነሐስ ሲሊንደር ሲሆን፣ በላዩ ስስ የቆርቆሮ ወረቀት ይጠቀለልበታል፡፡ ሰው ሲናገር በአፉ ትይዩ ያለው ስስ ገበታ ይንቀጠቀጣል፤ ከገበታው ጋር የተያያዘው መርፌም ንቅናቄውን በቆርቆሮው ላይ ይወጋል፡፡ መርፌው ወደ መነሻው ተመልሶ በዚያው ፋና ላይ ሲሄድ ገበታው እንደገና ይንቀጠቀጥና ድምፁ ይሰማል፡፡ ኤዲሰን መሣሪያውን ሲሞክር የቀዳው አንድ የታወቀ የሕፃናት ግጥም ነበር፤ ድምፁ ተመልሶ ሲሰማም በአካባቢው የነበሩት ሁሉ ተደነቁ፡፡

የፎኖግራፉ የፈጠራ መብት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1878 ነው፡፡ ኤዲሰን በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር መሣሪያውን ለፕሬዚዳንት ራዘርፎርድ ሄይስ በቤተ መንግሥታቸው አሳየ፡፡ በሰኔ ወር ደግሞ ኖርዝ አሜሪካን ሪቪው በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ የመሣሪያውን ጥቅሞች ዘረዘረ፡፡

በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የተጠቀሰው ያለ ጸሐፊ እገዛ ደብዳቤ ማጻፍ ነው፡፡ ሁለተኛው ዓይነ ስውራን ያለ ምንም ድካም የሚያዳምጡት መጽሐፍ ሲሆን፣ ሙዚቃ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ 40 ሺህ ቃላት ያሉትን መጽሐፍ በአንዲት የብረት ሰሌዳ ላይ ማስፈር እንደሚቻልም አስልቶ ነበር፡፡

ስሌቱና መሣሪያው ግን አልተገናኙም፡፡ የቆርቆሮው ወረቀት የሚይዘው የጥቂት ደቂቃ ንግግር እንኳን አልነበረም፤ ጥቂት ጊዜ ከተሰማ በኋላም ፋናው ይጠፋል፡፡ ኤዲሰንም ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መብራት አዙሮ ፎኖግራፉን ለ10 ዓመታት ያህል ተወው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1879 አምፖሉን ለውጤት አበቃ፤ በ1882 በኒው ዮርክ ከተማ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ሥራ አስጀመረ፡፡

ወደ ፎኖግራፉ የተመለሰው ሌሎች ባለሙያዎች ከቆርቆሮ ይልቅ በሰም ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ሠርተው ሊቀድሙት በተቃረቡ ጊዜ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1888 የተሻሻለውን ባለ ሰም ሲሊንደር መሣሪያ አወጣ፡፡ የአንዱ ሲሊንደር ጊዜ ሁለት ደቂቃ ያህል ስለነበር፣ ተነቦ ለማለቅ 6 ሰዓት የሚፈጀውን መጽሐፍ ለመቅዳት 180 ሲሊንደሮች ያስፈልጉ ነበር፡፡ ይህን ያህል ሲሊንደር የሚገዛ ዓይነ ስውር አንባቢ አልነበረም፡፡ ገበያው የፈለገው የሁለት ደቂቃ ዘፈን ነበርና ኩባንያው ዘፈን እየቀዳ መሸጡን ቀጠለ፡፡

ፎኖግራፍ ወደ ኢትዮጵያ ቤተ መንግሥትም ዘልቆ ነበር፡፡ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ የተቀዳ የሰላምታ መልእክት ላኩ፡፡ መልእክቱ ከተሰማ በኋላ በንግሥቲቱ ፍላጎት መሠረት ሲሊንደሩ እንዲወድም ተደርጓል፡፡ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በ1899 ምላሻቸውን በድምፃቸው ቀድተው ልከዋል፡፡ የኢትዮጵያ መሪ ድምፅ ተቀርጾ ባሕር የተሻገረው ኤዲሰን የመጀመሪያውን መሣሪያ በሠራ በ22 ዓመት ውስጥ መሆኑ ነው፡፡

ኤዲሰን ዕድሜው በገፋ ቁጥር የመስማት ችግሩ ጸናበት፡፡ የሚቀዳውን ሙዚቃ ለመምረጥ የመሣሪያውን እንጨት በጥርሱ ነክሶ ንዝረቱ በአጥንቱ በኩል ወደ ውስጠኛው ጆሮው እንዲደርስ ያደርግ ነበር፡፡ አንድ የስሜት ሕዋስ ሲጎድል በሌላው መንገድ መፈለግን ከራሱ ኑሮ ያወቀ ሰው በመሆኑ፣ ስለ ዓይነ ስውራን ማሰቡ የሚያስገርም አይሆንም፡፡

እ.ኤ.አ. በ1926 የኤዲሰን ኩባንያ በአንድ ገጽ እስከ 20 ደቂቃ የሚያጫውት ሸክላ ለገበያ አቀረበ፡፡ ለመጽሐፍ ንባብ የሚያስፈልገው ይኸው የረጅም ጊዜ ሸክላ ነበር፤ ነገር ግን በአሠራር ጉድለት ምክንያት ሳይሳካለት ቀረ፡፡ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1929 የሸክላና የማጫወቻ ምርቱን አቆመ፡፡ 1,093 የአሜሪካ የፈጠራ መብቶች በስሙ የተመዘገቡለት ኤዲሰን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1931 በ84 ዓመቱ በዌስት ኦሬንጅ በሚገኘው ቤቱ አረፈ፡፡

በዚያው ዓመት በማርች ወር የአሜሪካ መንግሥት ለጎልማሳ ዓይነ ስውራን መጻሕፍት የሚዘጋጁበት 100 ሺህ ዶላር በየዓመቱ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚመድብ ሕግ አውጥቶ ነበር፡፡ ሕጉ መጀመሪያ ለብሬይልና ለመሰል መጻሕፍት ሲሆን፣ በ1933 ተሻሽሎ በድምፅ የተቀዱትንም አካተተ፡፡ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበረው ሮበርት ኧርዊን ይመራው የነበረው የአሜሪካ የዓይነ ስውራን ፋውንዴሽን ሸክላውንና ማጫወቻውን አዘጋጀ፤ በ1934ም የመጀመሪያዎቹ ተናጋሪ መጻሕፍት ለአንባቢዎች ደረሱ፡፡ ገበያው በ50 ዓመት ያልሠራውን በጀትና ሕግ በሦስት ዓመት ሠሩት ማለት ይቻላል፡፡ አንድ ልብ ወለድ ግን በ15 እና በ20 መካከል የሚሆኑ ሸክላዎችን ይፈልግ ስለነበር ሸክሙ ቀላል አልነበረም፡፡

ይህን ሸክም ያቀለለው የፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት ነው፡፡ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለዓይነ ስውራን ያሠራው ማጫወቻ ካሴቱን ከተለመደው ፍጥነት በግማሽ ቀንሶ ያዞራል፤ በቴፑ ላይም ከሁለት ይልቅ አራት መስመሮች እንዲቀዱ ያደርጋል፡፡ በዚህም የ90 ደቂቃ ካሴት 6 ሰዓት ይይዛል፡፡ ኤዲሰን 180 ሲሊንደር የሚያስፈልገው መጽሐፍ በኪስ በምትያዝ አንዲት ካሴት ተጠቃለለ፡፡

አንባቢው በካሴቱ ላይ የተለጠፈውን የብሬይል ጽሑፍ ዳስሶ ርዕሱንና ገጹን ይለያል፡፡ ካሴቱን አስገብቶ በመዳሰስ የሚለየውን የማጫወቻ ቁልፍ ይጫናል፡፡ አንደኛው ገጽ ሲያልቅ ካሴቱን ይገለብጣል፡፡ ሁለተኛው ሲያልቅ እንደገና ገልብጦ የገጽ መምረጫ ማብሪያውን ወደ ሌላው ወገን ሲገፋው ሦስተኛው ይሰማል፤ አሁንም ሲገለብጠው አራተኛው፡፡ ማብሪያውን መግፋት የዘነጋ ሰው የመጽሐፉን መጀመሪያ እንደገና ያዳምጣል፡፡

ይኸው ካሴት በተራ ቴፕ ሪከርደር ቢከፈት ሁለት ንባቦች ተደራርበው በእጥፍ ፍጥነት ስለሚሰሙ ምንም አይያዝም፡፡ ይህም የመጽሐፍ ባለመብቶች ቅጂው ከዓይነ ስውራን ውጪ ይሰራጫል የሚለውን ሥጋታቸውን አቃሎላቸዋል፡፡ በማጫወቻው ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያም አለ፤ ለፈተና የሚያጠና ሰው ንባቡን አፋጥኖ ያዳምጣል፡፡ ቴፑ ወደፊት ሲሮጥ የሚሰማው ጢጥታም የምዕራፍ መጀመሪያን ያመለክታል፡፡

በአገራችን በስፋት ይሠራበት የነበረው ግን ተራው ቴፕ ሪከርደር ነው፡፡ በእሱ የ6 ሰዓት መጽሐፍ አራት ካሴቶችን ይፈጃል፡፡ ቁልፎቹ በመዳሰስ እንዲለዩ ታስበው ስላልተሠሩ ተማሪው ቅደም ተከተላቸውን በጣቱ ማጥናት ነበረበት፡፡ በማጫወቻው ፈንታ የመቅጃው ቁልፍ ከተጫነ የወር ልፋት ይጠፋል፡፡ ለዚህም ሲባል ንባቡ እንዳለቀ በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ሰብሮ በላዩ እንዳይቀዳ ማድረግ የታወቀ ዘዴ ነበር፡፡

በጆሮ መማር ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ በአብነት ትምህርት ቤቶች ዓይነ ስውራን ዜማውንና ቅኔውን በቃል ተምረው ለመምህርነት በቅተዋል፡፡ የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክም፣ ማየት የሚችለውም የማይችለውም እኩል አንባቢ ሆኖ ተከታትሎታል፡፡ የጌዴኦ ሽማግሌዎችም በሶንጎ ተቀምጠው የባሌን ሥርዓት ለትውልድ ሲያስተላልፉ የኖሩት በቃል ነው፡፡

በጌዴኦ የድምፅ መጽሐፍ ሌላም ጥቅም ይኖረዋል፡፡ ጌዴኦፋ በላቲን ፊደል፣ አማርኛ ደግሞ በግዕዝ ፊደል ስለሚጻፉ ዓይነ ስውሩ ሕፃን ሁለቱን በንባብ ለማወቅ ሁለት ዓይነት የብሬይል አጻጻፍ መማር ይኖርበታል፡፡ ብሬይል ለፊደልና ለሒሳብ አስፈላጊነቱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የተቀዳ ድምፅ ግን በሁለቱም ቋንቋዎች ወዲያውኑ ይደመጣል፡፡

ሕጉም መንገዱን ከፍቷል፡፡ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ መሥሪያ ቤት ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው ተስማሚ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያመቻች ይደነግጋል፡፡ በዚህ መሠረት ሰርኩላሩና ቃለ ጉባኤው ለዓይነ ስውሩ ሠራተኛ በሚረዳው መልክ መድረስ ይኖርበታል፡፡ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 አባል የሆነችበት የማራካሽ ስምምነት ደግሞ የታወቁ ተቋማት የታተመን መጽሐፍ የባለመብቱን ፈቃድ ሳይጠይቁ ለዓይነ ስውራን በሚያመች መልክ እንዲያዘጋጁ ያስችላል፡፡

የካሴት ማጫወቻን ቦታ ዲጂታል መሣሪያዎች ቢይዙም አንዱ የሥራው ክፍል አልተለወጠም፡፡ የ6 ሰዓት መጽሐፍ በዲላም ሆነ በሌላ ስፍራ በሰው ድምፅ ተቀድቶ እንዲደመጥ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ተቀምጦ ቢያንስ 6 ሰዓት ሙሉ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል፡፡