በዓሉ ግርማ፤ በሹመትና በብዕር መካከል

ዛሬ በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ሐይቅ ዳር፣ በቴሌቪዥን ሙያ ለሚሠራ የማኅበራችን አባል ካሜራውም ስቱዲዮውም በገዛ ከተማው ይገኛል። የዛሬ ስልሳ ዓመት ገደማ ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ሲጀምር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥዕሉ ከዋና ከተማይቱና ከአካባቢዋ እምብዛም አይርቅም ነበር። የጣና ዳር ሰው የመንግሥትን ቃል የሚሰማው በሬዲዮ ነበር። ይሁንና ሬዲዮውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ጋዜጣውም፣ የዜና አገልግሎቱም ትእዛዝ የሚቀበሉት ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው። ከ1970 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ እስከ 1975 ዓ.ም. ድረስ በዚያ በማስታወቂያ ሚኒስቴር በቋሚ ተጠሪነት የተቀመጠው ሰው በዓሉ ግርማ ነበር።

አንባቢ በዓሉን የሚያውቀው በልብ ወለድ ደራሲነቱ ነው። ይህም ተገቢ ነው። እኛ የሙያ ባልደረቦቹ ግን ሌላውን ወንበሩን ልንዘነጋው አይገባንም። የአንድ አገር መገናኛ ብዙኃን በሙሉ በሥልጣኑ ሥር ሆኖ ሳለ፣ የሚያውቀውን ለመናገር ከእነዚያ ሁሉ በአንዱም መጠቀም ያልቻለ ሰው ምን ያደርጋል? የበዓሉ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። የመልሱም ዋጋ ሕይወቱ ሆነ።

በዓሉ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኢሉባቦር፣ ሱጴ በሚባል ስፍራ ከሕንዳዊ ነጋዴ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ትምህርቱን ተከታተለ፤ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም ተማረ። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፖለቲካ ሳይንስና የጋዜጠኝነት ትምህርት ቀሰመ። ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪውን ትምህርት አጠናቀቀ።

ወደ አገሩ ሲመለስ የያዘው መንገድ በዘመኑ ከነበሩት ጋዜጠኞች ጥቂቶች ብቻ የሄዱበት ነው። በመነን መጽሔት፣ በእንግሊዝኛ ይታተም በነበረው በአዲስ ሪፖርተር፣ በኢትዮጵያን ሄራልድ፣ በመጨረሻም በአዲስ ዘመን ጋዜጣ በዋና አዘጋጅነት ሠርቷል። በሁለት ቋንቋ የሚጽፍ፣ የሳምንቱንም የዕለቱንም ሥራ የሚያውቅ አዘጋጅ ነበር። የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ በአዲስ ዘመን ላይ ነበር። ከዚያ የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ ቀጥሎም ወደ ሚኒስቴሩ ቋሚ ተጠሪነት ተሾመ። ከአዘጋጅነት ጠረጴዛ ተነሥቶ አዘጋጆችን ወደሚያዝ ወንበር መድረሱ ነው።

የዚህን ወንበር ምንነት ለወጣት ባልደረቦቻችን ማስረዳት ያስፈልጋል። ቋሚ ተጠሪ ማለት ከሚኒስትሩ ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱን የዕለት ሥራ የሚመራ ሹም ነው። ምሽት በቴሌቪዥን የሚታየው፣ ጧት በሬዲዮ የሚሰማው፣ በጋዜጣም የሚታተመው ሁሉ ከመሥሪያ ቤቱ መመሪያ አይወጣም። ከመንግሥት ውጭ የሚሠራ ጣቢያ አልነበረም፤ ሳንሱር የታወቀ ሥራ ነበር። ስለዚህ በዓሉን ከሥርዓቱ ውጭ ቆሞ የታዘበ ንጹሕ ሰው አድርጎ ማቅረብ እውነቱን ማጉደል ይሆናል። የደርግ መንግሥት ባለሥልጣን ነበር፤ የመንግሥቱን ቃል በማሰራጨት ሥራም ድርሻ ነበረው። የታሪኩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በመጨረሻ የጻፈውን የጻፈው ከውስጥ ሆኖ ነውና።

ከቢሮ ሥራው ጎን ለጎን የደራሲ ብዕሩ አላረፈም። በ1962 ዓ.ም. «ከአድማስ ባሻገር»ን አሳተመ፤ በ1966 ዓ.ም. «የኅሊና ደወል» ተከተለ። «የቀይ ኮከብ ጥሪ» እና «ደራሲው» የወጡት በሹመት ላይ ሳለ ነው። የ«ደራሲው» ዋና ባለታሪክ በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል የተቀረጸ መሆኑ የታወቀ ነው። በ«ሐዲስ» ደግሞ ወደ ትውልድ ምድሩ ወደ ሱጴ ተመልሶ፣ በገጠር ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚደክም የአንድ መምህርን ትግል ተረከ። በእነዚህ መጻሕፍት የጋዜጠኝነት ልማዱ ጎልቶ ይታያል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የሰውን መልክና አለባበስ ሳይጠቅስ አያልፍም። ያየውን ሰው ወደ ልብ ወለድ ማስገባት ልማዱ ነበር። ይኸው ልማድ ኋላ ለአደጋ አጋለጠው።

መጽሐፍ በደራሲው ላይ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለእርሱ ትውልድ ስውር አልነበረም። የእኛው የጣና አካባቢ ልጅ፣ የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ፣ በንጉሡ ዘመን «አልወለድም»ን ባሳተመ ጊዜ መጽሐፉ ተለቅሞ ታግዷል። እርሱም በኋላ ወደ ጎሬ፣ ኢሉባቦር፣ ተግዞ ነበር። የጣና ዳሩ ደራሲ በግዞት የተላከው በዓሉ ወደተወለደበት ጠቅላይ ግዛት መሆኑ የታሪክ አጋጣሚ ነው። ትምህርቱ ግን አጋጣሚ አይደለም። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲተካ መጽሐፍን የሚፈራ ዓይን አልተለወጠም፤ እንዲያውም ግዞት ቀላል ቅጣት የሚመስልበት ዘመን መጣ።

በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ የነበረውን ጦርነት በአንድ ጊዜ ለመጨረስ የቀይ ኮከብ ሁለገብ ዘመቻን አወጀ። ከጦሩ ጋር ሹማምንት፣ ባለሙያዎችና ጋዜጠኞች ወደ አሥመራ ተጓዙ። በዓሉም ከነዚህ አንዱ ነበር፤ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ ይመራ ነበር። ዘመቻው የናቅፋን ተራሮች ማስለቀቅ ሳይችል ቀረ። ብዙ ወጣት አለቀ። በይፋ ይነገር የነበረው ግን የድል ዜና ነበር። ያንን ዜና ለማሰራጨት የተሾመው ሰው የዘመቻውን ሁኔታ በዓይኑ አይቶ ተመለሰ።

«ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወጣ። ቃሉ ከጣልያንኛ ወደ አሥመራ ሰው አነጋገር የገባ ነው፤ ነገሩ አበቃለት፣ ከእንግዲህ ወዲያ ፋይዳ የለውም እንደ ማለት ነው። ዋናው ባለታሪክ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የመንግሥት ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ለዘመቻው ቅስቀሳ አሥመራ ይገባል፤ በዚያም ከፊያሜታ ጋር በፍቅር ይወድቃል። ፍቅሩና ዘመቻው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ሁለቱም በኀዘን ይደመደማሉ። በዓሉ ባለታሪኩን የቴሌቪዥን ሰው ማድረጉ ያለ ምክንያት አይመስልም። ካሜራ የሚያሳየውንና ካሜራ የሚደብቀውን አበጥሮ የሚያውቅ የዚያ ሥራ አዛዥ ነው። በስብሰባ አዳራሽ የሚነገረውና በጦር ግንባር የሚሆነው ምን ያህል እንደሚራራቁ ከእርሱ ይበልጥ የሚያውቅ ጥቂት ነው። አንባቢዎች በመጽሐፉ ሰዎች ጀርባ የታወቁ ሹማምንትን ለይተው አወቁ። ሹማምንቱም ራሳቸውን አወቁ።

መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉም ከሥራው ተባረረ። ብዙ ዓመት አዘጋጅ፣ ኋላም የአዘጋጆች አለቃ የነበረው ሰው ያለ ሥራ ቤቱ ተቀመጠ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ምሽት ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ፣ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ባለቤቱና ሦስት ልጆቹ አስከሬኑን አላገኙም፤ የሚያለቅሱበት መቃብርም የላቸውም። ከዚያው ዓመት ማለቂያ በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር ቴሌቪዥናችን በቀለም መታየት ጀመረ። ጣቢያውን ለዓመታት በበላይነት የመራው ሰው ግን የት እንዳለ የሚናገር አልነበረም።

የተሰበሰበው መጽሐፍ ግን አልጠፋም። የተረፉት ቅጂዎች በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወሩ፤ ደርግም ከወደቀ በኋላ በግልጽ ዳግም ታተመ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀረበ።

በዓሉ በሹመት ዘመኑ በሥሩ ከወጣው ዜና መካከል ዛሬ ሰው የሚያስታውሰው ምን ያህል ነው? ሺሕ ጊዜ የተደጋገመው የድል ዜና ከአየሩ ጋር ሄደ። በሥልጣኑ ሥር ከነበሩት ጣቢያዎች በአንዱም ሊያስተላልፈው ያልቻለው አንድ መጽሐፍ ግን ቀረ። በባሕር ዳርም ሆነ በሌላ ከተማ በዜና ክፍል የምንቀመጥ ሁሉ ብዙውን ጊዜ የምናውቀው ከምናሰራጨው ይበልጣል። የምናውቀውን ሁሉ በአንድ ቀን መናገር ላይቻል ይችላል፤ በዓሉም ለዓመታት አልተናገረም። ነገር ግን ያየውን አልካደም፤ መዝግቦ ያዘው፤ ጊዜውም ሲደርስ በገዛ ስሙ አወጣው። የሙያችን ክብር ያረፈው በዚህ ላይ ነው፤ እርሱን የምናስበውም ስለዚህ ነው።