አርመናዊው ማቴዎስ፤ የንግሥት እሌኒ መልእክተኛ

በ15ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ በእደ ማርያም በወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ዛሬ መካነ ሰላም ከተማ በምትገኝበት አካባቢ፣ አትሮንሰ ማርያምን አሠሩ። ከዓባይ ማዶ በጎጃም ደግሞ ንግሥት እሌኒ መርጡለ ማርያምን አሳነጹ። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበሩት እሌኒ፣ በ1508 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ልብነ ድንግል በልጅነታቸው በነገሡ ጊዜ የመንግሥቱን ሥራ ይመሩ ነበር።

እሌኒ በባሕር በኩል የሚመጣውን አደጋ አስቀድመው ስለ ተመለከቱ፣ የኢትዮጵያ እግረኛና የፖርቱጋል መርከብ እንዲተባበሩ በ1509 ለንጉሥ ማኑኤል ደብዳቤ ጻፉ። ለዚህ ከባድ አደራ የታመነው ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ ነበር። አርመኖች በሃይማኖት ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተቀራረቡ፣ በንግድም የእስላም ወደቦችን ለማለፍ የሚችሉ ስለ ነበሩ ምርጫው በብልኀት የተደረገ ነው።

ማቴዎስ የጌታን መስቀል ግማድ ይዞ ወደ ሕንድ ተሻገረ። በ1512 ጎኣ ሲደርስ አልቡከርኬ በክብር ተቀበለው። ሆኖም ብዙዎቹ የፖርቱጋል ሹማምንት ሐበሻ አለመሆኑን አይተው አታላይ ነው፣ ሰላይም ነው አሉት። ወደ ሊስቦን የወሰዱት የመርከብ አዛዦችም በመንገድ አንገላቱት። በ1514 ሊስቦን ደርሶ ንጉሡ መልእክቱን በተቀበሉ ጊዜ፣ በዳዮቹ ታሰሩ። ማቴዎስ ግን ራሱ አማልዶ አስፈታቸው።

ንጉሡ ዱዋርቴ ጋልቫው የተባሉትን አረጋዊ መልእክተኛ አድርገው በ1515 ከእርሱ ጋር ላኩ። ሽማግሌው በ1517 በቀይ ባሕር በከመራን ደሴት ሞቱ፤ ጉዞውም ተስተጓጎለ። ማቴዎስ ምፅዋ የደረሰው በሚያዝያ 1520 ነው። የአገሩ መነኮሳት በደስታ ሲቀበሉት፣ ለዓመታት ሲነገርበት የነበረው ሐሜት ሐሰት መሆኑ ተረጋገጠ። ይሁን እንጂ ቤተ መንግሥት ሳይደርስ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዐረፈና በደብረ ቢዘን ተቀበረ።

አብረውት የመጡት እነ ሮድሪጎ ደ ሊማና ቄስ አልቫሬዝ በኢትዮጵያ ስድስት ዓመት ተቀመጡ። የተለመነው ጦር ግን ቶሎ አልደረሰም። አትሮንሰ ማርያም በ1531 በግራኝ ሠራዊት ተቃጠለች፤ 400 የፖርቱጋል ወታደሮች ምፅዋ የወረዱት በ1541 ነው። ያም ቢሆን ርዳታው የመጣበትን መንገድ አስቀድሞ የከፈተው፣ ከሁለቱም አገር ያልተወለደው ይህ አርመናዊ ነው።