ቺኮ ሜንዴስ፦ ከጎማ ለቃሚነት እስከ ደን ጠበቃነት

ስለ ደን ጥበቃ ሲወራ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የታጠረ ፓርክና ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ነው። ሰው ከደኑ ከወጣ ደኑ ይድናል የሚል እምነትም አለ። በብራዚል የአማዞን ደን ውስጥ ተወልዶ ያደገው ቺኮ ሜንዴስ ግን የዚህን ተቃራኒ አሳይቶ ያለፈ ሰው ነው። እሱና ጓደኞቹ ደኑን የጠበቁት ከውስጡ ሳይወጡ፣ እንጀራቸውንም ከዚያው እያገኙ ነበር። እነሆ የዚህን ሰው ሕይወት በአጭሩ እንቃኛለን።

ሙሉ ስሙ ፍራንሲስኮ አልቬስ ሜንዴስ ፊልዮ ይባላል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1944 በምዕራብ ብራዚል በአክሬ፣ ሻፑሪ በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። አባቱ ጎማ ለቃሚ ነበር፤ ቺኮም በዘጠኝ ዓመቱ ገደማ አባቱን ተከትሎ ሥራውን ጀመረ።

ጎማ ለቀማ እንዲሁ ቀላል ሥራ አይደለም። ለቃሚው ሌሊት ተነስቶ ከ100 እስከ 200 የሚደርሱ የጎማ ዛፎችን የሚያያይዝ የእግር መንገድ ይዞ ይጓዛል። በየዛፉ ልጥ ላይ በቢላዋ አግድም ዘቅዘቅ ያለ መስመር ያወጣና ከሥሩ ጽዋ ያስራል፤ ነጩ ወተት እየተንጠባጠበ ይጠራቀማል። በኋላ ተመልሶ ይሰበስበዋል። የእኛ አገር እጣን ለቃሚ እንደሚያውቀው ሁሉ እዚያም ቁስሉ ከጠለቀ ወይም ከበዛ ዛፉ ይጎዳል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ሁለት ሦስት መንገድ ይዞ ዛፎቹን እያፈራረቀ ያሳርፋቸዋል። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ጎማው ይቆምና የብራዚል ለውዝ ለቀማ ይጀመራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደኑ እንደቆመ ነው። ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ እንጂ በመጽሐፍ የተጻፈ አልነበረም።

ታዲያ ለቃሚው ዕውቀት ቢኖረውም ነፃነት አልነበረውም። ጎማውን የሚሸጠው ለርስቱ ጌታ ነው፤ ጨው፣ ጥይትና ልብስ የሚገዛውም ከዚያው ከጌታው መደብር ነው። ሒሳቡን የሚይዘው ጌታው ስለሆነ ዕዳው አያልቅም። በርስቱ ውስጥ ትምህርት ቤት እንዳይከፈትም ይከለከል ነበር። ለምን ቢባል ማንበብና መቁጠር የቻለ ሰው ዕዳውን ይመረምራላ!

ቺኮ ፊደል የቆጠረው በአሥራ ስምንት ዓመቱ ገደማ ነው። አስተማሪው ዩክሊደስ ታቮራ የሚባል በፖለቲካ ምክንያት ሸሽቶ ደን ውስጥ የተደበቀ ሰው ሲሆን፣ መማሪያ መጽሐፍ ስላልነበረ ያስተማረው ጊዜ ባለፈበት ጋዜጣ ነበር። ማታ ማታም አብረው የውጭ አገር ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። በ1964 ወታደሮች በብራዚል ሥልጣን ሲይዙ ስለ አንዱ ክስተት የተለያዩ ጣቢያዎች የተለያየ ነገር ሲያወሩ መስማት ለወጣቱ ትልቅ ትምህርት ሆነለት።

በ1970ዎቹ ነገሩ ተባባሰ። በመንግሥት ድጋፍ ከደቡብ የመጡ ከብት አርቢ ባለሀብቶች መሬቱን እየገዙ ደኑን ለግጦሽ መመንጠር ጀመሩ፤ ለቃሚዎቹም ይፈናቀሉ ጀመር። በ1975 የብራዚሌያ ከተማ የገጠር ሠራተኞች ማኅበር ሲመሠረት (ዋና ከተማዋ ብራዚሊያ ሳትሆን የአክሬዋ ናት) ቺኮ ጸሐፊ ሆነ። የማኅበሩ ሰዎች «ኢምፓቺ» የሚባል ዘዴ ፈጠሩ። ወንዱም ሴቱም ሕፃኑም ተያይዞ ወደሚመነጠረው ደን ይሄዳል፤ በመጋዝና በመጥረቢያ ፊት ይቆማል፤ የቀን ሠራተኞቹንም ሥራውን ትተው እንዲሄዱ ይለምናል። ሠራተኞቹም እንደነሱው ድሆች ነበሩና። በ1980 የማኅበሩ መሪ ዊልሰን ፒኔይሮ በጥይት ተገደለ። ቺኮ ግን አላቆመም።

በ1985 የጎማ ለቃሚዎች ብሔራዊ ጉባዔ በዋና ከተማዋ ተካሄደ። ከዚያ የመነጨው ሐሳብ እንዲህ ነው፦ መሬቱ የመንግሥት ሆኖ ይቆያል፤ የመጠቀም መብቱ ግን በጋራ ለነዋሪው ይሰጣል፤ ማንም አይሸጠውም፤ ጎማና ለውዝ እየተለቀመ ደኑ ይጠበቃል። ቀድሞ ጠላት ይባሉ ከነበሩት የደኑ ጥንተ ነዋሪዎች ጋርም ኅብረት ፈጠሩ። ቺኮ በ1987 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ለአክሬ መንገድ ሥራ ብድር የሰጠውን የልማት ባንክ ኃላፊዎችና የምክር ቤት ሰዎች አነጋገረ። በዚያው ዓመት ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ግሎባል 500 የተሰኘውን ሽልማት ተቀበለ። የሚገርመው በውጭ አገር ሲታወቅ በራሱ አገር ትላልቅ ከተሞች ግን ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር።

በ1988 ካሾኤራ የተባለውን ደን ከአንድ ከብት አርቢ ምንጣሮ ካስጣሉ በኋላ የግድያ ዛቻው በረታ። ቺኮ ለባለ ሥልጣናት አመለከተ፤ ሁለት ፖሊሶችም ተመደቡለት። በዚያው ዲሴምበር ለአንድ ታላቅ የሪዮ ዴ ጄኔሮ ጋዜጣ ቃለ ምልልስ ሰጠ፤ ጋዜጣው ግን ሳያወጣው ቆየ። ዲሴምበር 22 ቀን ምሽት ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ ተተኮሰበትና ሞተ። 44 ዓመት ከሞላው ገና አንድ ሳምንቱ ነበር። ቃለ ምልልሱ የታተመው ከዚያ በኋላ ነው። ሻፑሪም በጋዜጠኛ ተጥለቀለቀች። በ1990 ከብት አርቢውና ልጁ እያንዳንዳቸው 19 ዓመት ተፈረደባቸው።

በዚያው በ1990 በስሙ የተሰየመው፣ ወደ 970,000 ሄክታር የሚጠጋው ጥብቅ ደን ተከለለ። የትግል ጓደኛው ማሪና ሲልቫ ደግሞ በ2003 የአካባቢ ሚኒስትር ሆነች። ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር አልተሳካም። የጎማ ዋጋ ሲወድቅ በጥብቅ ደኑ ውስጥ ከሚኖሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ከብት ማርባት ጀምረዋል፤ ደኑም እየተመነጠረ ነው። ደን ጠባቂው ከደኑ የሚያገኘው ገቢ ካልበቃው መብት ብቻውን ደኑን እንደማያቆመው ይህ ያሳያል።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ከዚህ ሕይወት የምንወስደው የራሳችን ነገር አለ። ጊዜው ያለፈበት ጋዜጣ ደን ውስጥ ገብቶ አንድን ሰው አንባቢ አድርጎታል። ያው ሰው ሊገድሉኝ ነው ብሎ ሲናገር ግን ጋዜጣው ዘገየበት።