ቅድስት ዜሊ ማርቲን፤ የአላንሶን ዳንቴል ሠሪ

ቅድስት ትሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስን የማያውቅ ካቶሊካዊ ምእመን አይገኝም ማለት ይቻላል። እናቷ ዜሊ ግን በእጅ ሥራ ንግድ የምትተዳደር፣ ሠራተኞችን የምታሠራና የሒሳብ መዝገብ የምትይዝ ሴት እንደ ነበረች የሚያስታውሱ ብዙዎች አይደሉም። በዚህ እትማችን ሕይወቷን የምናወሳው፣ ቅድስና በገበያና በሒሳብ መካከልም እንደሚያድግ ስለምታስተምረን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዜሊ ጌራን ዲሴምበር 23 ቀን 1831 በፈረንሳይ አገር፣ በኖርማንዲ፣ በአላንሶን ከተማ አቅራቢያ ተወለደች። አባቷ በውትድርና ኖሮ በኋላ በገጠር ጸጥታ አስከባሪነት ያገለገለ ሰው ነበር። ቤተሰቡ በ1844 ወደ አላንሶን መጣ። ልጅነቷ ደስታ የጎደለው እንደ ነበረ ካደገች በኋላ ለወንድሟ በጻፈችው ደብዳቤ ገልጻለች። ድሆችንና ሕሙማንን ከሚያገለግሉት ከቅዱስ ቪንሰንት ደናግል ማኅበር ለመግባት ብትመኝም የቤቱ አለቃ አልተቀበለቻትም። ዲሴምበር 8 ቀን 1851፣ በእመቤታችን ንጽሕት ጽንሰት በዓል ዕለት፣ የአላንሶንን ዳንቴል እንድትሠራ የሚያሳስብ ድምፅ በልቧ ተሰማት፤ ሙያውን ለመማርም ትምህርት ቤት ገባች።

ዳንቴል የሚለው ቃል ወደ ቋንቋችን የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው። በአገራችን ዳንቴል የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በኪሮሽ ሲሆን፣ የአላንሶን ዳንቴል ግን በመርፌና በቀጭን ክር ብቻ ይሠራል። ንድፉ በብራና ላይ በመርፌ እየተወጋ ይወጣል፤ ከዚያም ሥራው ከአንዷ ሠራተኛ እጅ ወደ ሌላዋ እየተላለፈ ደረጃ በደረጃ ይፈጸማል። አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ብቻ ሰባት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ዩኔስኮ ይህን ሙያ በ2010 በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

በ1853 መጨረሻ ዜሊ ከታላቅ እኅቷ ጋር ሆና በሴን ብሌዝ መንገድ፣ በወላጆቿ ቤት፣ የራሷን ሥራ ጀመረች። ሠራተኞቿ በየቤታቸው እየሠሩ በየሐሙሱ የጨረሱትን ያመጡላት ነበር፤ እርሷም አዲስ ሥራ ታድላቸዋለች። የተሠሩትን ቁርጥራጮች መጋጠሚያው በዓይን እንዳይለይ አድርጎ ማያያዝ ከሥራው ሁሉ ረቂቁ ነውና ይህን ለራሷ ያዘች። በጁላይ 1858 ሰዓት ሠሪውን ሉዊ ማርቲንን አገባች። ሉዊም ገበያተኛው በሚበዛበት በእሑድ ቀን ሱቁን የሚዘጋ ሰው ነበርና፣ በሥራና በእምነት ረገድ ሁለቱ አንድ ልብ ነበሩ።

ዜሊ ሠራተኞቿን እንደ ቤተሰቧ አባላት ትወዳቸው ነበር። ደመወዛቸውን አታዘገይም፤ ከመካከላቸው አንዷ ስትታመም እሑድ ከማታው ጸሎት በኋላ ሄዳ ትጠይቃታለች፤ የጎደላትንም ትረዳለች። በዚህ ነገር ቆም ብለን እናስብ። ዜሊ ከምጽዋት አስቀድማ ለሠራው ሰው ዋጋውን ሰጠች። የሠራተኛውን ድካም አስቀርቶ ለድሃ መመጽወት ከአንዱ ነጥቆ ለሌላው መስጠት መሆኑን ኑሮዋ ያስረዳናል።

ይህ ሁሉ ቀላል ሆኖላት አልነበረም። ትእዛዝ ሲበዛ እስከ ሌሊት ድረስ ትሠራለች፤ ሲጠፋም ትጨነቃለች። ሥራው እረፍት እንደነሳት በደብዳቤዎቿ ደጋግማ ጽፋለች። ሀብት የማካበት ምኞት አልነበራትም፤ ያልተወችው የሴቶች ልጆቿን የወደፊት ኑሮ አስባ ነው። ከዘጠኝ ልጆቿ አራቱን ከ1867 እስከ 1870 ባሉት ዓመታት ቀበረች። በ1870 ሉዊ የዜሊን ሥራ ለማገዝ ብሎ የራሱን ሱቅ ለእኅቱ ልጅ ለቀቀ። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ የፕሩሲያ ጦር አላንሶንን ሲይዝ ዘጠኝ ወታደሮች በቤታቸው ሰፈሩ፤ ንግዱም ተዳከመ።

በዚህ ሁሉ መካከል የቤቷ በር ለችግረኛ አልተዘጋም። በመንገድ ያገኘችውን አንድ ምስኪን ሽማግሌ ወደ ቤቷ አስመጥታ አበላችው፣ አለበሰችው፤ ሉዊም መጦሪያ ፈለገለት። በ1875 የመነኮሳይት ልብስ ለብሰው ሰውን የሚያታልሉ ሁለት ሴቶች አንዲትን ሕፃን እንደሚያንገላቱ ባወቀች ጊዜ ነገሩን እስከ ፖሊስ ሹም አደረሰችው።

በ1876 መጨረሻ ለብዙ ዓመታት በጡቷ ላይ የነበረው እብጠት የማይድን ነቀርሳ መሆኑን ሐኪም ነገራት። በጁን 1877 ከሦስት ልጆቿ ጋር ወደ ሉርድ ተሳለመች፤ የለመነችውን ፈውስ ግን አላገኘችም። ኦገስት 28 ቀን 1877 በ45 ዓመቷ ዐረፈች። ታናሿ ልጇ ትሬዛ ያን ጊዜ ገና አራት ዓመት ከመንፈቋ ነበረች። በሕይወት የቀሩት አምስቱም ሴቶች ልጆቿ በኋላ ገዳም ገቡ። ዜሊና ሉዊ በ2008 ብፁዓን ተባሉ፤ ኦክቶበር 18 ቀን 2015 ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ቅድስናቸውን ዐወጁ። ባልና ሚስት በአንድነት ቅዱሳን ተብለው ሲታወጁ እነርሱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

በየቁምስናችን በጥልፍ፣ በፈትልና በስፌት ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ እናቶችና እኅቶች ብዙ ናቸው። ቅድስናን ከሥራቸው ውጭ የሚፈልጉ ካሉ፣ ካቴኪስቶቻችን የዚህችን ሴት ታሪክ ይንገሯቸው። ሌላውን የምናሠራ ሁሉ ደግሞ በየሳምንቱ መጨረሻ፣ የማን ድካም በእጃችን እንደ ቀረ ራሳችንን እንጠይቅ። የቅድስት ዜሊ አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን።